ዲፕ ባይት ከተስተካከለ በኋላ እንዳይመለስ፦ ብሬስ ከመውለቁ በፊት ጀምሮ የሚሠራ ዝርዝር መመሪያ

ዲፕ ባይት (የላይ የፊት ጥርሶች የታቾቹን ከመጠን በላይ የሚሸፍኑበት ንክሻ) ተስተካክሎ ብሬስ (ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ማስተካከያ) ከወለቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙ ሰው የሚያነሣው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው፦ «ጥርሴ ቀጥ እንዳለ ነው፣ ግን ስነክስ የታች ጥርሴ አይታይም»። ዲፕ ባይት የሚመለሰው እንደዚህ ነው። ጥርሶቹ የግድ አይጠማዘዙም፤ የላዮቹ ቀስ በቀስ ይወርዳሉ፣ የታቾቹ ሽቅብ ይወጣሉ። ረድፉ ስላልተዛባ መስታወት ፊት የቆመ ሰው ምንም አያይም። ሪቴይነሩን (ብሬስ ከወለቀ በኋላ ጥርስን በቦታው የሚይዘውን መሣሪያ) ረድፍ ለመጠበቅ ብቻ የሚያደርግ ሰው ቁመቱን ያጣል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ቁመቱን ለመጠበቅ ነው።

ጤናማ በሆነ ንክሻ የላይ የፊት ጥርስ የታችኛውን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም አንድ ሦስተኛውን ያህል ይሸፍናል። ሽፋኑ ከግማሽ ካለፈ ዲፕ ባይት ነው። የታች ጥርሶች የላይኛውን ድድ ወይም ላንቃ የሚነኩ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከመልክ አልፎ የጤና ችግር ሆኗል።

ሐኪምዎ ለእርስዎ ብሎ የሰጠዎት ትእዛዝ ከዚህ መመሪያ ጋር ከተለያየ የሐኪምዎን ይከተሉ፤ ምክንያቱን ግን ይጠይቁ።

ደረጃ 1፦ ብሬሱ ሳይወልቅ የሚጠየቁ ነገሮች

ብሬሱ ከወለቀ በኋላ በሪቴይነር የማይታረሙ ነገሮች አሉ። ስለዚህ ማውለቂያው ከመድረሱ ቢያንስ 2 ወር ቀደም ብለው እነዚህን ያንሡ።

1. ሽፋኑ ስንት ሚሊ ሜትር ላይ ያበቃል? ትንሽ መመለስ የተለመደ ስለሆነ ብዙ ሐኪሞች ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ድረስ ይከፍቱታል። 4 ሚሊ ሜትር ላይ እያለ «በቂ ነው» ከተባሉ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ።

2. የታች ጥርስ ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ አለው? ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። የላይ የፊት ጥርስዎን ጀርባ ድዱ አጠገብ በምላስዎ ይዳስሱ፤ ትንሽ ጉብታ አለ። የታችኛው ጥርስ ጫፍ እዚያ አካባቢ ሲያርፍ ሽቅብ እንዳይወጣ የሚያቆመው ነገር አገኘ ማለት ነው። የላይ ጥርሶች ወደ ውስጥ ተጋድመው ከቀሩ ግን የታቾቹ ማረፊያ አጥተው መውጣታቸውን ይቀጥላሉ። ሐኪሙ ይህን የሚያየው በጎን በሚነሣ የራስ ቅል ራጅ ነው። የላይና የታች የፊት ጥርሶች የሚፈጥሩት አንግል ከ125 እስከ 135 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ወደ 150 ከተጠጋ ጥርሶቹ ከመጠን በላይ ቆመዋል። ይህ የሚታረመው ብሬሱ እያለ ብቻ ነው፤ ለዚህ ሲባል ሕክምናው 3 ወር ቢራዘም ይታገሡ።

3. የጎደለ የኋላ ጥርስ በምን ይተካል? የንክሻን ከፍታ የሚሸከሙት የኋላ ጥርሶች ናቸው። መንጋጋ ጥርሶች ተነቅለው ቦታቸው ባዶ ከቀረ ጫናው ወደ ፊት ይዞርና ንክሻው እየጠለቀ ይሄዳል።

4. በጣም ተጠማዝዞ የነበረ ጥርስ አለ? ካለ ጥርሱን መልሰው እንዳያዞሩት በጥርሱ አንገት ዙሪያ ያሉትን የድድ ክሮች በአካባቢ ማደንዘዣ መቁረጥ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ። አጭር ሥራ ነው።

5. ሪቴይነሩ በየትኛው ቀን እጄ ይገባል? ትክክለኛው መልስ «ብሬሱ በወለቀ ዕለት» ወይም «በማግስቱ» ነው። «በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሱ» ከተባሉ ብሬሱ የሚወልቅበትን ቀን ያዘግዩት። ያለ ምንም መያዣ የሚያልፍ አንድ ሳምንት የተሠራውን ሪቴይነር የማይገጥም ሊያደርገው ይችላል።

ደረጃ 2፦ ለዲፕ ባይት የሚሆነውን ሪቴይነር መምረጥ

ሁሉም ሪቴይነር ረድፍ ይይዛል፤ ቁመት የሚይዙት ግን በእኩል አይደለም።

*የአክሪሊክ (ጠንካራ ፕላስቲክ) እና የሽቦ ሪቴይነር፣ ሃውሊ የሚባለው፣ ከመድረክ ጋር።* ለላይ ጥርስ መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ይህ ነው። ላንቃ ላይ የሚያርፈው አክሪሊክ ከፊት ጥርሶች ጀርባ ጠፍጣፋ መድረክ ይሠራለታል፤ ሐኪሞች ባይት ፕሌን ይሉታል። የታች ጥርሶች ሊወጡ ሲሞክሩ ከመድረኩ ጋር ይጋጫሉ፣ እዚያው ይቆማሉ። የኋላ ጥርሶች ስላልተሸፈኑ በደንብ ተገናኝተው ይደላደላሉ።

የመድረኩ ከፍታ ልክ መሆን አለበት። ለመጠበቅ ብቻ የተሠራ ከሆነ ሪቴይነሩ አፍ ውስጥ እያለ ሲነክሱ የታች የፊት ጥርሶች መድረኩን በስሱ ይነካሉ፣ የኋላ ጥርሶችም አብረው ይገናኛሉ። ወንበሩ ላይ እያሉ ይፈትሹት፤ ቀጭን የወረቀት ስንጥር በቀኝ መንጋጋ ጥርሶች መካከል አስገብተው ይንከሱና ይሳቡ፣ ከዚያ በግራ። ወረቀቱ በሁለቱም በኩል ሳይያዝ ከወጣ መድረኩ ከፍ ብሏል። ሐኪሙ ሆን ብሎ ካላደረገው በቀር እንዲያስተካክለው ይጠይቁ፤ ያለበለዚያ የኋላ ጥርሶች በክፍተቱ ውስጥ ማደግ ይጀምራሉ።

*ግልጽ የፕላስቲክ ሪቴይነር።* አይታይም፣ ንግግር ብዙ አያስቸግርም። ድክመቱ ፕላስቲኩ ተለጣጭ መሆኑ ነው፤ ጥርስ ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋ የሚቋቋመው በመጠኑ ነው። ይህን ከመረጡ ሁለት ነገር ያረጋግጡ፦ የመጨረሻውን መንጋጋ ጥርስ ጨምሮ ሁሉንም ጥርስ ይሸፍን፤ ከላይ የፊት ጥርሶች ጀርባ ትንሽ መድረክ ሊጨመርበት ይችል እንደሆነም ይጠይቁ። ሳይሸፈን የቀረ የኋላ ጥርስ ብቻውን ይወጣና ንክሻውን ያበላሻል።

*ከጀርባ የሚለጠፍ ቋሚ ሽቦ።* ለታች ጥርስ፣ ከክራንቻ እስከ ክራንቻ፣ ጥሩ ነው። የታች የፊት ጥርሶች ሲጨናነቁ ንክሻውም አብሮ ስለሚጠልቅ እዚያ ሽቦ መኖሩ ይጠቅማል። ዲፕ ባይት ለነበረበት ሰው የላይ ሽቦ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የታች ጥርሶች በየንክሻው ሽቦውን እየመቱ ማጣበቂያውን ይሰብሩታል። የላይ ሽቦ ከተደረገልዎ ከወንበሩ ሳይነሡ ጥርስ የሚነካበትን ቦታ የሚያሳየውን ባለ ቀለም ወረቀት አስነክሰው እንዲያዩልዎ ይጠይቁ። ሽቦው ላይ ቀለም ከታየ ቦታው ይቀየር።

ለአብዛኛው ሰው የምንመርጠው ጥምረት ይህ ነው፦ ከላይ መድረክ ያለው ሃውሊ፣ ከታች ቋሚ ሽቦ፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ አንድ ጥንድ ግልጽ ሪቴይነር።

ደረጃ 3፦ በመጀመሪያው ቀን መነሻ ልኬት መያዝ

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ነው። ያለ መነሻ ቁጥር ንክሻው እየተመለሰ መሆን አለመሆኑን ማንም ሊነግርዎ አይችልም፤ አዲስ ሐኪምም ቢሆን።

የሚያስፈልግዎ፦ ሚሊ ሜትር ያለው ንጹሕ ማስመሪያ፣ የተቀረጸ ተራ እርሳስ፣ ሶፍት፣ መስታወት፣ ስልክ።

1. እጅዎን ይታጠቡ። ሪቴይነሩን ያውልቁ።
2. ቀጥ ብለው ተቀምጠው ምራቅ ይዋጡና በኋላ ጥርሶችዎ ይንከሱ። አገጭዎን ወደ ፊት አይግፉ፤ ልኬት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።
3. የታችኛውን መካከለኛ ጥርስ በሶፍት ያድርቁ። እርጥብ ጥርስ እርሳስ አይቀበልም።
4. እንደነከሱ የላይኛው ጥርስ ጫፍ የሚያበቃበትን ቦታ በታችኛው ጥርስ ላይ በቀጭን መስመር ያመልክቱ።
5. አፍዎን ከፍተው ከመስመሩ እስከ ታችኛው ጥርስ የላይ ጫፍ ያለውን ርቀት ይለኩ። ሽፋኑ ይህ ነው።
6. ሦስት ጊዜ ደጋግመው መካከለኛውን ቁጥር ከነቀኑ ይጻፉ። መስመሩን በብሩሽ ያጥፉ።
7. ስልኩን ከጥርስዎ ጋር እኩል ከፍታ ላይ አድርገው ከፊት ለፊት ፎቶ ያንሡ። ከላይ ወይም ከታች ያነሡት ፎቶ ሽፋኑን ከእውነቱ ውጭ ያሳያል።

የላይ ጥርስ የታችኛውን ሙሉ በሙሉ ስለሸፈነ መስመር ማስመር ካልተቻለ መለካቱን ትተው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

በዚያው ቀን የጥርስዎ ዲጂታል ስካን ካለ ፋይሉን በኢሜይል ይጠይቁ፤ ኤስ ቲ ኤል የሚባለው ዓይነት በየትኛውም አገር ይከፈታል። ስካን ከሌለ የጂፕሰም ሞዴሉን ይውሰዱ።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያዎቹ 6 ወራት

ጥርስን ከአጥንት ጋር የሚያያይዙት ክሮች በአዲሱ ቦታ ለመደራጀት ከ3 እስከ 4 ወር ይፈልጋሉ። የድድ ክሮች ከ4 እስከ 6 ወር፣ በጥርስ አንገት ዙሪያ ያሉት ተለጣጭ ክሮች ደግሞ እስከ 12 ወር ይወስዳሉ። «አንድ ወር አደረግሁ፣ አልተንቀሳቀሰም» ብሎ መተው የሚያስከፍለው ለዚህ ነው።

1. ሐኪምዎ ሌላ ካላዘዘ በቀን 20 ሰዓት ያህል ያድርጉ። ለምግብና ለጥርስ ማጽዳት ብቻ ያውልቁ።
2. ሲያስገቡ በሁለት አውራ ጣት እኩል ይጫኑ። በጥርስ ነክሶ ማስገባት ግልጹን ይሰነጥቀዋል፣ የሃውሊውን ሽቦ ያጣምማል።
3. ሲያወልቁ ከኋላ በሁለቱም ጎን ይጀምሩ። የሃውሊውን የፊት ሽቦ ይዘው አይሳቡ።
4. ከአፍዎ የወጣ ሪቴይነር የሚገባው ሳጥኑ ውስጥ ነው። በሶፍት የተጠቀለለ ሪቴይነር ከምግብ ጠረጴዛ ጋር ተጠርጎ ይጣላል፤ አብዛኛው የሚጠፋው እንዲህ ነው።
5. ቡና ላይ ሲቀመጡ ያውልቁት። ትኩሱ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፣ ቀለሙም ይገባበታል፤ ስኳር ካለበት ደግሞ ከሥሩ ተይዞ ጥርስ ያበሰብሳል። ከአቦል እስከ በረካ የሚሄደው ጊዜ ብዙ ስለሆነ መጨረሻው ላይ አፍዎን ተጉመጥምጠው ወዲያው ይመልሱት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምራቅ ይበዛል፣ «ሰ» እና «ሸ» ይንሻፈፋሉ። ድምፅ እያሰሙ ያንብቡ፤ በአብዛኛው በሳምንት ውስጥ ይስተካከላል። ድድ የሚያቆስል ጠርዝ ካለ ግን በቢላ ወይም በሞረድ ራስዎ አይነካኩት፤ ክሊኒኩ በደቂቃዎች ያለሰልሰዋል።

ደረጃ 5፦ ሌሊት ብቻ፣ ግን በየሌሊቱ

ከ6 ወር በኋላ ልኬቱ ካልተለወጠ ሐኪሙ ወደ ሌሊት ብቻ ያወርድዎታል። ይህ ማብቂያ የለውም። በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እነ ሮበርት ሊትል በ1981 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ ሪቴይነር ካቆሙ 10 ዓመት ካለፋቸው ሰዎች የታች የፊት ጥርሳቸው አሰላለፍ ጥሩ ሆኖ የቆየው ከ30 በመቶ በታች የሚሆኑት ነበሩ። ጥርስ ዕድሜ ልክ ይንቀሳቀሳል።

በዚህ ጊዜ በየማታው የሚደረግ አንድ ፈተና አለ፤ ሪቴይነሩ ሲገባ እንዴት ተሰማዎት? ያለ ስሜት ከገባ ደህና ነው። ትናንት አድርገውት ዛሬ ከጠበቀ በቀን ውስጥ ጥርስ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ሌሊት ብቻ ገና አይበቃዎትም። ለ4 ሳምንት ወደ ሙሉ ቀን (በቀን 20 ሰዓት ያህል) ይመለሱና እንደገና ይሞክሩ።

ልኬቱን በመጀመሪያው ዓመት በየወሩ፣ ከዚያ በየ3 ወሩ ይድገሙ። የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት የእጅ ስሕተት ሊሆን ይችላል። ከመነሻው በ1 ሚሊ ሜትር ወይም በላይ ከጨመረ፣ ከሳምንት በኋላም ያው ከሆነ፣ ቀጠሮ ይያዙ።

ደረጃ 6፦ ጽዳት

ሪቴይነሩን ባወለቁ ቁጥር በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ያለቅልቁ። በቀን አንዴ በለስላሳ ብሩሽና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ይፈትጉት። የጥርስ ሳሙና ግልጹን ይጭረዋል፤ በጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ይገባል። የፈላ ውሃና በረኪና ፈጽሞ አይጠቀሙ። ነጭ ቅርፊት ከያዘ ኮምጣጤና ውሃ እኩል ቀላቅለው ለ15 ደቂቃ ዘፍዝፈው ይፈትጉት።

ቋሚ ሽቦ ሌላ ሥራ ነው። ፍሎሱን (የጥርስ ማጽጃ ክሩን) ከላይ ወደ ታች ማስገባት ስለማይቻል ጠንካራ ጫፍ ያለውን ፍሎስ ከሽቦው ሥር አሾልከው በእያንዳንዱ ጥርስ ጎን ወደ ድዱ ያውርዱት። መፋቂያ የሚጠቀሙ ከሆነ በውጭ በኩል ብቻ ይሁን፤ ከሽቦው ጀርባ ሲገፉት ማጣበቂያውን ይነቅለዋል፣ ስንጥሩም ሥሩ ይቀራል። በየ6 ወሩ ጥርስ ላይ የሚደርቀውን ድንጋይ ያስጠርጉ።

የፊት ጥርስዎን ለሸንኮራ መላጫ፣ ለአጥንት መጋጫ፣ ለጠርሙስ መክፈቻ አያድርጉ። ቆሎ በኋላ ጥርስ ይቆረጠም።

ደረጃ 7፦ አንድ ነገር ሲበላሽ

ሳያደርጉት ቀርተው ሪቴይነሩ ጠብቋል፣ ግን በጣት ግፊት ሙሉ በሙሉ ይገባል። ለ2 ሳምንት ሙሉ ቀን ያድርጉት። ጥብቀቱ በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥ መላላት አለበት።

አይገባም። ግልጹን ከፊት ሲጫኑት ከኋላ ብድግ የሚል ከሆነ የፊት ጥርሶች ወጥተዋል ማለት ሊሆን ይችላል። በኃይል አይጫኑ። መጠባበቂያውን ይሞክሩ፤ እሱም ካልገባ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይድረሱ። አዲስ ሪቴይነር ብቻ አሠርተው አይመለሱ፤ አዲሱ የሚይዘው የተበላሸውን ቦታ ነው። መጀመሪያ ጥርሱ ይመለስ እንደሆነ ይወሰን።

የሽቦው አንድ ማጣበቂያ ለቋል። ምልክቱ በምላስ ሲነኩት የሚንቀሳቀስ ሽቦ ወይም በድንገት ምግብ የሚይዝ ቦታ ነው። በስልክ መብራትና በመስታወት ስድስቱንም ነጥቦች ይዩ። የለቀቀው ጥርስ ከአጠገቡ ካሉት ብቻውን ተለይቶ ይንቀሳቀሳል። ሽቦውን አይቁረጡ፣ አይሳቡ። ግልጹ ሪቴይነር ከላዩ የሚገጥም ከሆነ እስኪጠገን ሙሉ ቀን ያድርጉት፤ የሚወጋ ጫፍ ካለ በብሬስ ሰም ይሸፍኑት።

ማጣበቂያው ሁሉ ደህና ነው፣ ግን አንድ ጥርስ ዘንበል ብሏል። ይህ ከመሰበር ይብሳል። የተጣመመ ሽቦ ራሱ ጥርሱን እየገፋ ሊሆን ይችላል፣ ሥሩን ከአጥንት እስከማስወጣት ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ክራንቻ ላይ ነው። ሳይዘገዩ ይታዩ፤ ሽቦው መውለቅ አለበት።

ሪቴይነሩ በጥቂት ወራት ተበሳ። ሌሊት ጥርስ ያፋጫሉ ማለት ሊሆን ይችላል። ማፋጨት ጥርስን እየበላ ንክሻውን ሊያጠልቅ ይችላል። ጠንካራ የማፋጨት መከላከያ ሪቴይነርም ሆኖ እንዲያገለግል አድርገው እንዲሠሩልዎ ይጠይቁ፤ ሁለቱን በየተራ ማድረግ አይሠራም።

የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ መብቀል ጀመረ። የፊት ጥርስ ያጨናንቃል ብለው ለመንቀል አይቸኩሉ፤ ያን ያደርጋል የሚለውን እምነት ጥናቶች አልደገፉትም። ግን ሪቴይነሩን ከኋላ ሊያነሣው ስለሚችል እንዲስተካከል ያሳዩት።

የታች ጥርስ የላይኛውን ድድ እየነካ ነው፣ ወይም ከላይ ጥርሶች ጀርባ ድዱ ይደማል። ንክሻው ተመልሷል። ቀጠሮ እስኪደርስ አይጠብቁ፤ ድዱ ከተሸረሸረ ወደ ቦታው መመለስ ከባድ ነው። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ መመለስ አንዳንድ ጊዜ በመድረክ ወይም በአጭር የብሬስ ሕክምና ይታረማል። ቤት ድረስ የሚላኩ ማስተካከያዎችን አይሞክሩ፤ ቁመትን ለመቆጣጠር የሐኪም ዓይን ያስፈልጋል።

ልጅዎ ገና እያደገ ከሆነ

ብሬሱ በ13 ወይም በ14 ዓመት ቢወልቅም የመንጋጋ ዕድገት አልቆመም። ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ዕድገት መጨረሻ ላይ የሚያልቀው ነው፤ በሴቶች እስከ 17 እና 18፣ በወንዶች እስከ 20 ዓመት አካባቢ ይሄዳል። መድረክ ያለው ሪቴይነር ቢያንስ እስከዚያ በየሌሊቱ ይቀጥል። በየ6 ወሩ ይታይ፤ ጥርስ ሲወጣና መንጋጋ ሲያድግ ሪቴይነሩ ሊጠብ ይችላል። «አድርጌዋለሁ» የሚለውን ቃል ብቻ አይቀበሉ፤ ማታ ፊትዎ ያስገባው። ፊቱን ካጨማደደ ትናንት አላደረገውም። አይቆጡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለ2 ሳምንት ከትምህርት ቤት መልስ ጀምሮ እስከ ጠዋት እንዲያደርገው ያድርጉ።

አገር ሲቀይሩ

አዲስ አበባ ብሬስ አውልቀው ወደ ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ዋሽንግተን የሚሄዱ ሰዎች ሪቴይነር የሚሰበርባቸው ሐኪማቸው ሩቅ ሆኖ ነው። ከመሄድዎ በፊት ሁለተኛ ጥንድ ያሠሩና በእጅ ቦርሳ ይያዙ፤ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አያስገቡ። በባሕረ ሰላጤው በጋ የቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ግልጽ ሪቴይነር ይጣመማል፤ ከተጣመመ ወደ አፍዎ አይመልሱት፣ ጥርስዎን ወደ ተሳሳተ ቦታ ይገፋል። ለአዲሱ ሐኪም የሚሰጡት አራት ነገር ነው፦ የስካን ፋይሉ፣ ብሬሱ ከመደረጉ በፊት የተነሣው ራጅ፣ ብሬሱ የወለቀበት ቀን፣ በደረጃ 3 የጻፉት የሚሊ ሜትር ዝርዝር።